በዘይነባ ድስት የገለበጥኩት

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ነፍስ አባቴ ጋ እንኳ አንድ ሁለቴ ልናገር ሄጄ ሌላ ኃጢአት ተናግሬ ተመልሻለሁ። እናንተ ግን ስሙኝ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

በጦርነቱ ጊዜ ነው። ወታደሮች በመካነ ሰላም በኩል ሲያልፉ ከተማው በየሰፈሩ ተራ ይዞ ያበላ ነበር። የኛ ተራ የደረሰ ቀን ሁለት በሬ ተጣለ። አንዱን ሙስሊሞቹ ቢስሚላህ ብለው፣ አንዱን የኛዎቹ በስመ አብ ብለው አረዱ። እዚህ አገር አብረን እንኖራለን፣ እንዋለዳለን፣ እንቀባበራለን፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚበላው፣ ማንም በዚህ አይቀየምም። ስለዚህ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። የሙስሊሙን ድስት የያዘችው ጎረቤቴ ዘይነባ ነበረች፣ የክርስቲያኑን እኔ። ሥጋ ያልደረሰው እንዳይቸገር ደግሞ ሽሮ ተሠርቶ ከጎናችን ተቀምጧል። ሽሮውን ልብ በሉልኝ።

እኩለ ቀን ላይ ዘይነባ "የሺ፣ ዙሁር ሰግጄ መጣሁ፤ ድስቴን አደራ" ብላኝ ሄደች። ዞር ከማለቷ ወታደር የጫኑ ኦራል መኪኖች መጥተው ቆሙ። ከሁለቱም እየጨለፍኩ ሳድል የሷ ድስት ተሟጠጠ። ሰልፉ ግን ገና ነው።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? "የሙስሊሙ አልቋል፣ ሽሮ አለ" ማለት ብቻ። አፍ አያሳምም። እኔ ግን አፈርኩ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ የነሱ ተራ የነበረ ቀን ምንም አልጎደለም። ግንባር የሚሄድን ልጅ ሽሮ አበሉት ልንባል ነው ብዬ ተቃጠልኩ። ከራሴ ድስት በጆግ ቀዳሁና ማንም ሳያየኝ የዘይነባ ድስት ውስጥ ገለበጥኩ። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሜ ገለበጥኩ።

ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጠቀ አንድ ቀጭን ወታደር እንጀራውን ይዞ ቆመና "እናቴ፣ የሙስሊም ነው?" አለኝ። ጠየቀኝ እኮ! "አዎ ልጄ" አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ። ቢስሚላህ ብሎ በላ። "አላህ ይስጥልኝ" ብሎኝ መኪናው ላይ ወጣ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አዝኜለት ነው እንዳልል ሽሮው እዚያው ነበር። የዋሸሁት ለስሜ ብዬ ነው።

ዘይነባ ተመልሳ ያ ሁሉ ወታደር በልቶም ድስቷ ውስጥ ወጥ ስታገኝ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። በረካ ገባበት አለች። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ያ ድስት እንዴት እንዳላለቀ ታወራለች፤ ሰው አሜን ይላል። እኔም አብሬ አሜን እላለሁ! ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ሰርግ ላይ ከወረኢሉ ለመጡ እንግዶች እንባ እየተናነቃት ስትነግራቸው፣ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ምስር ትለቅም ነበር፤ እጇ ቆመ። "ሽሮ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ።

"ነበረ።"

"ልጆቹ ሳያውቁ ነው የበሉት፤ እነሱ ላይ ምንም የለም። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔን ግን ይህን ሁሉ ዓመት አስዋሸሽኝ!" ብላ ሰፌዱን ገፋችው። "ስንቱን አሜን አስባልኩ! በይ፣ ለነገርኳቸው ሁሉ አንቺው ዞረሽ ንገሪያቸው፤ እኔ ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ?"

ከቤቷ ስወጣ፣ ወላሂ፣ ቀለለኝ። ቁጣዋ ከምስጋናዋ ተሻለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ተሸክሜ እንደኖርኩ ያወቅሁት ሳወርደው ነው። አሁን በየቤቱ እየዞርኩ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞርብኛል፤ ይሁን፣ ይገባኛል። እህል ግን ይጣፍጠኝ ጀምሯል።

ያ ልጅ ብቻ ቀረኝ። ስሙን አልጠየቅሁትም፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ምናልባት ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ግርግር ነበር፣ ጦርነት ነበር አልልህም። አንተ አምነህ ጠየቅኸኝ፤ መልስህን ዛሬ ልስጥህ። አይደለም፣ ልጄ። የሙስሊም አልነበረም።