ሦስተኛው ይጠብቃል

በሐይቁ ዳር ያሉ ጀልበኞች «እፍ ባዩ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የጀልባ ሞተር ሲጠግን ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥነውን የካርቡራተር ቀዳዳ በሽቦ ጎርጉሮ አያውቅም። «ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ እንደ ባለጌ አፍ ነው፣ ተመልሶ አይጠብም» ይላል። በቤንዚን ያጥባል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፣ ከዚያም ከንፈሩን ገጥሞ እፍ ይላል።

ታናሽ ወንድሙ ጀልበኛ ነበር። ሰው የሚያሻግርበት ሞተር ከትዳሩ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው፣ ለሦስቱ ፒስተኖቹ ሦስት ካርቡራተሮች የተደረደሩበት አሮጌ ነው። ክረምቱን ቤንዚን በሆዱ እንደ ያዘ ተቀምጦ ስለ ነበር ቤንዚኑ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ደፈናቸው። ወንድምየው በጋሪ ጭኖ አመጣው።

«ጋሼ፣ ሽማግሌውን አመጣሁልህ።»

«ስንት ጊዜ ነገርሁህ? ከማስቀመጥህ በፊት የቤንዚኑን ቱቦ ንቀል፤ በሆዱ ያለውን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ!»

«እኔ ራሴ ጦሜን አድሬ አላውቅም፤ እርሱን በምን አንጀቴ?»

«አፍህን እንደምታሠራው እጅህን ብታሠራው እኔ ሥራ እፈታ ነበር።»

«እንግዲያውስ እንጀራህ እኔ ነኝ፤ አመስግነኝ!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ እፍ ባዩ ሁለቱን አጥቦ ገጠመ። ሦስተኛውን ገና አልነካውም። ለዓይኑ ሕክምና የተያዘለት ሰዓት ግን ደረሰ። ወንድሙ እንደሚመጣ ያውቃልና በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ «ሁለቱ ታጥበዋል። ሦስተኛው ይጠብቃል።» ብሎ ጻፈና በሞተሩ ላይ አሰረው። «ተራውን ይጠብቃል» ሊል ነበር፤ ካርቶኑ ጠበበውና «ተራውን» የምትለዋን ቃል ተዋት።

ሲመለስ ሞተሩ አልነበረም፤ ዓይኑ በመድኃኒቱ ፈዝዞ ነበርና ጠረጴዛውን ልብ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። በእንዲህ ያለ ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነውና ቤንዚን የተነፈገ ፒስተን ዘይትም ይነፈጋል፤ ይግላል፣ ይጣበቃል። ሦስተኛው ፒስተን በሐይቁ መካከል ተጣበቀ። ሞተሩ ቀጥ ሲል ነፋሱ ተሳፋሪ ያልነበረባትን ጀልባ ከነባለቤቷ ከቋጥኙ ጋር አላተማት። አስከሬኑን ያገኙት በሁለተኛው ቀን ነው።

በለቅሶው መካከል እፍ ባዩ ለወንድሙ ሚስት «ይጠብቃል ብዬ ጽፌለት ነበር፤ አልሰማኝም» አላት።

«መቼ የሰው ቃል ሰምቶ ያውቃል!» ብላ ደረቷን መታች። «ሁለት ልጆች ጥሎብኝ፣ በገዛ ችኮላው! ምናለ አንድ ቀን ቢታገሥ!» ጀልበኞቹም ይህንኑ ተቀባበሉት። የሞተ ሰው ለራሱ አይከራከርም፤ በእርሱ ላይ የሚነገር ቃል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሊመዘን የሚገባው ለዚህ ነበር።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እፍ ባዩ ወርክሾፑን ከፈተ። በጠረጴዛው ላይ፣ ከካቻቢቴው ሥር፣ ያ ካርቶን ተቀምጧል። ከእርሱ ጽሑፍ በታች የወንድሙ ወልጋዳ ፊደል ነበር፦ «አጥብቄዋለሁ፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ከራሱ መስመር ጀምሮ እንደገና አነበበው። በዚህ ቤት በሞተር ላይ የሚታሰር ካርቶን ሁሉ ትእዛዝ ነው፦ «ይታጠባል»፣ «ይቀየራል»፣ ብሎኑ ለላላ ደግሞ «ይጠብቃል»። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ብ» ጠብቃ ስትነበብ ተራ መጠበቅ ነው፤ ላልታ ስትነበብ የብሎን መጥበቅ። ወንድሙ አልቸኮለም፤ የታዘዘውን ፈጽሞ፣ አመስግኖ ሄደ።

ካርቶኑን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ሴቲቱ የሟቹን ሸሚዞች እያጠፈች ነበር።

«እስቲ ይህን አንብቢልኝ፣ እቴ።»

«ሁለቱ ታጥበዋል። ሦስተኛው...» አለችና «ብ»ን አላልታ ጨረሰችው። ወዲያው የባሏን እጅ ጽሑፍ ዐወቀች። «ምንድን ነው ያጠበቀው?»

«ብሎኑን። እኔ ግን ብሎን አላልሁም። ገና አልታጠበም፣ ይቆይ ማለቴ ነበር። እርሱ ቃሌን ሰምቷል። ያጎደልሁት እኔ ነኝ።»

ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሰደብሁት፣ ጋሼ። በልጆቹ ፊት።»

«ዐውቃለሁ።»

«አታውቅም።» ካርቶኑን አልመለሰችለትም። «አሁን ሂድልኝ። ስትሄድ በሩን ዝጋው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደ። ወንድሙን ችኩል ሲሉት ለሰነበቱት ሁሉ የሆነውን፣ ራሱን ሳይደብቅ፣ አንድ በአንድ ተናገረ። አንዱ «ተወው፣ ጋሼ፤ ቀኑ ደርሶ ነው» አለው።

«ቀን አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለ።

ሌላው ጀልበኛ አንገቱን ደፍቶ ከሰማ በኋላ ወደ ወርክሾፑ ተከተለው። ለጥገና የሰጠውን ሞተር ሳይጠገን ሊወስድ ነው። እፍ ባዩ ምክንያቱን አልጠየቀውም። ሞተሩ ከባድ ነበርና በአንድ ወገን ራሱ ያዘለት፤ እስከ መንገዱ ድረስም አብሮት ተሸከመ።