ለሙከራ የተጻፈ መርዶ

ኪሱሙ ከተማ ውስጥ በሉኦ ቋንቋ የሚያሰራጭ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ አለ። ዜናውን የሚሰማው ጥቂት ነው፤ የሞት ማስታወቂያውን ግን የማይሰማ የለም። ቀብር የሚበዛው የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ሐሙስ ሐሙስ አገሩ ሁሉ የጣቢያውን ድረ ገጽ ከፍቶ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሚቀበር ያያል። ድረ ገጹም ሐሙስን ጠብቆ በሰው ብዛት ተጨናንቆ ይወድቃል። የሠራው ድርጅት የይለፍ ቃሉን እንደያዘ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚጠይቁት ሰው እንኳ የለም።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ተሸካሚ አፖንዲ ናት። አርባን ያለፈች፣ ቁጡ፣ እጀ ፈጣን ሴት ናት፤ ማስታወቂያዎቹን እየጻፈች ድረ ገጹ ላይ የምታወጣው እሷ ነች። ባልደረቦቿ በትውልድ አገሯ «የሴሜ ልጅ» እያሉ ይጠሯታል። ድረ ገጹን ለመተካት ለሥራ አስኪያጁ ለኦጎላ ሁለት ምርጫ ቀረበለት፦ አንዱ ናይሮቢ ያለ ድርጅት የሚያከራየው ፕሮግራም ነው፤ ሌላው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ እንደፈለገ የሚያስተካክለው ነጻ ፕሮግራም ነው።

«ነጻውን ፈትሺውና ንገሪኝ» አላት። «ግን የምርሽን ፈትሺው። ሐሙስን ካልቻለ እኔ ጋ እንዳታመጪው።»

አፖንዲ ፕሮግራሙን ገና ስትከፍተው ወደደችው። ፎቶ ጫነችበት፣ ጽሑፍ ደረደረችበት፤ መልእክት መላክ ይችል እንደሆነ ለማየትም የጣቢያውን እውነተኛ ደንበኞች ስልክ ቁጥር አስገባችበት። የቀራት አንድ የሚሞት ሰው ነበር።

«የእኔን ስም ጻፊ» አላት የጣቢያው ማስታወቂያ አንባቢ ዋሶንጋ። «ማን እንደሚያለቅስልኝ በቁሜ ልይ።»

«አፍህን ያዝ! በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ተብሎ አይጻፍም።»

በዚህ ነገር በዚያ አገር የሚቀልድ የለም፤ ዋሶንጋም ቀልዱን ዋጠው። እሷ እንግዲህ ብልህ ነኝ ብላ፣ ሞቶ የቆየ ሰው ፈለገች። የአባቷ ታላቅ ወንድም ትዝ አላት። «የኮምቤዋው ኦሉኦች ኦዴሮ ማረፋቸውን በሐዘን እንገልጻለን» ብላ ጻፈች። የሞተ ሰው ምን ይጎዳል? የዕድሜውን ቦታ ሆን ብላ ባዶ ተወችው፤ ፕሮግራሙ እምቢ ይል እንደሆነ ልታይ ነው። እምቢ አላለም። «አያስቸግርም» ብላ ጥሩ ነጥብ ሰጠችው። በቀጠሮ ማውጣት መቻሉንም ልትሞክር የሐሙስን ረፋድ ሞላች። በኋላ ልትሰርዘው ነበር። ኦጎላ ጠራት፣ ሄደች፣ በዚያው ረሳችው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የቢሮው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፤ የሷም ጭምር።

መልእክቱን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሠራ! ብላ። ወዲያው ክው አለች። እነሱ ዘንድ የሞተ ሰው ስም ለልጅ ልጁ ይሰጣል። የአጎቷ የልጅ ልጅ ኦሉኦች ነው፤ አባቱም ኦዴሮ ይባል ስለነበር ሙሉ ስሙ ከሟቹ ጋር አንድ ነው። ወጣቱ ኦሉኦች ዓሣ የጫነ መኪና ይዞ ወደ ናይሮቢ እየነዳ ነው፤ እናቱ ደግሞ ኮምቤዋ መንደር ብቻዋን ተቀምጣለች።

ገጹን ሰረዘችው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልእክቱ አገር አዳርሷል። ኦሉኦች ጋ ደወለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። እናቱ ጋ ደወለች።

«የኦሉኦች እናት፣ ስሚኝማ! ኦሉኦች ደህና ነው! እኔ ነኝ ለሙከራ የጻፍኩት!»

ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ «አፖንዲ፣ ባሌ የሞተ ዕለትም ‹ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው› ብለሽ የደወልሽልኝ አንቺ ነሽ» አለችና ዘጋችው።

እውነቷን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ «ደህና ነው» ተብሎ ነው የሚጀመረው። አሁን አፖንዲ ምን ብትል ማን ያምናታል?

ሞተር ሳይክል ላይ ዘላ ወጣች። «ለቅሶ ነው እንዴ እናቴ?» አለ ነጂው። «ዝም ብለህ ንዳ!» አለችው። መንገዱን ሙሉ እየደጋገመች ወደ ኦሉኦች ደወለች። ዝግ ነው።

ስትደርስ ወንዶች ድንኳን እየተከሉ ነው። የኦሉኦች እናት ሻሿን ጥላ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። አንድ ሽማግሌ የአፖንዲን መንገድ ዘግተው፣ «ሬሳው የት ነው ያለው?» አሏት።

«ሬሳ የለም!»

«ከመኪናው ጋር ተቃጥሏል ማለት ነው» አለ ከኋላቸው የቆመ ሰው። ለቅሶው እንደ አዲስ ቀለጠ።

አፖንዲ እውነት በተናገረች ቁጥር ልጁን ደግማ ትገድለዋለች። አሁን እናቲቱ አንድ ነገር ብትሆን በምን ፊቷ ሰው መሃል ትቆማለች? ይህን እያሰበች ስልኳ ጮኸ።

«አክስቴ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትደውዪው? ስልኬ ባትሪ ጨርሶ መንገድ ላይ ናኩሩ ከተማ ምሳ ቤት ሰክቼው ነው።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ወደ እናቱ ሮጠች። እናቱ ግን ሁለት ጆሮዋን ደፈነች። «አታምጪብኝ! ድምፁን የሚመስል ሰው አታምጪብኝ!»

«አናግራት!» ብላ ጮኸች አፖንዲ። «አንተ ልጅ፣ አናግራት!»

«እማ? ምንድን ነው ጫጫታው? ቀይዋን ዶሮ አገኘሻት? ጫካ ነው የምትጥለው አላልኩሽም?»

ሴትየዋ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«የት ነህ?»

«ናኩሩ።»

«ምን በላህ?»

«ኡጋሊ በጎመን። ምነው?»

«ብላ» አለችው። «ብላ ልጄ።» ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

ስልኩን ስትመልስ አፖንዲን ቀና ብላ አየቻት። «ማሽንሽ የማን ልጅ ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ አልጠየቀሽም?»

«አልጠየቀኝም።»

«አንቺስ?»

አፖንዲ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በዚያ ድንኳን ሥር የፈሰሰው የመጨረሻ እንባ የሷ ነው።

በማግስቱ ኦጎላ ሳይጠራት ገብታ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። «ታዲያ ፕሮግራሙ ይጣል?» አላት።

«የጠፋው ጥፋት የእኔ ነው። ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ አሳለፈ፤ የናይሮቢውም ያሳልፋል። ይሄኛውን ግን ከፍተን ‹ጠይቅ› ልንለው እንችላለን።»

እሷ ራሷ ኮድ አትጽፍም፤ የሚጽፍ ልጅ አግኝታ አጠገቡ ተቀምጣ አሠራችው። አሁን ዕድሜ ካልተሞላ፣ የእናት ስም ካልተጻፈ፣ ሌላ ሰው ቤተሰቡ ጋ ደውሎ ካላረጋገጠ ምንም አይወጣም።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረበት ሐሙስ ዋሶንጋ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «የሴሜ ልጅ፣ ይሄ ነገርሽ እኮ እንደ አማት ይጨቀጭቃል! ሦስቴ መለሰኝ!»

«ይጨቅጭቅህ» አለችው ቀና ሳትል። «እኔን ሳይጨቀጭቀኝ ቀርቶ አንዲት እናት ልገድል ነበር።»