የጅብ ራስ ያላት ልጄ

ልጄ ራሷን ወረቀት ላይ ስላ መጣች። የትምህርት ቤቷን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች፣ ቦርሳዋን አንግታለች፣ ከአንገቷ በላይ ግን ጅብ ናት። ቅዳሜ የተማሪዎች የሥዕል ትርኢት ላይ ይቀርባል ብላ፣ እስከዚያው ሳሎን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።

«እንዴ! ከስንት እንስሳ መሃል ጅብ?» አልኳት። «ርግብ ምን አለሽ? ሚዳቋስ?»

ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ክፍሏ ገባች። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው መልስ የሚባል ነገር ይጠፋል መሰለኝ። እኔ ከሸዋ መጥቼ፣ መቀሌ አግብቼ፣ ቀኑን ሙሉ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ቢሮዬ ከባለጉዳይ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ቤት የምገባው ሌላ ጭቅጭቅ ፍለጋ አይደለም።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ሲያዩት ጮኹ። «እንታይ እዩ እዚ! ምንድን ነው ይኼ? ቡዳ ነው! ቀን ሰው፣ ሌሊት ዝብኢ፣ ጅብ!» ጸበል ካልወሰድናት አሉ። የሚገርመው፣ እሳቸው ጠዋት ጠዋት ሳሎን የሚሳለሙት ሥዕል አርባዕቱ እንስሳ ነው፤ የሰው፣ የአንበሳ፣ የበሬና የንስር ፊት ያላቸው ክንፋሞች። ልጄ ጣቷን ወደዚያ ቀስራ «እነሱስ?» ስትል፣ «እነሱ የአምላክን መንበር ተሸክመው ነው። አንቺ ምን ተሸክመሽ?» አሏት። ሁለቱንም የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ማን ይጠይቀኛል?

ከእራት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነዘነዝኳት። ሲሰለቻት ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ተናገረች። «ሮማናት አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ወንዶቹ ይለክፉኛል። እየተከተሉም ይጎትቱኛል። ያኔ በልቤ ያንን ራስ አጠልቃለሁ። ርግብ ሆኜማ እንዴት አልፋለሁ?»

ከአፌ የወጣው ቁጣ ብቻ ነው፤ «እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም!» አልኳት። ይሄ አፌ ከመቆጣት ሌላ ነገር ቢያውቅ ምን ነበረበት!

በማግስቱ ከቢሮ ስመለስ አማቴ ሥዕሉ ላይ ጸበል ረጭተውበታል። መርጨቱ ሳያንስ በጨርቅ ጠርገውታል። ሥዕሉ ደግሞ የውኃ ቀለም ነው። ጅቡ ሹራቡ ላይ ወርዶ ጭቃ ሆኗል። ቦርሳው አለ፣ ከአንገት በላይ ግን ባዶ ወረቀት ነው።

ልጄ ገብታ አየችው። አላለቀሰችም። «ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄድም» ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «አደይ፣ ምን ነካዎት!» ብዬ የታክሲ ተራውን ጉድ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩላቸው። አማቴ ወረቀቱ ላይ የቀረችውን ራስ የሌላት ልጅ ቀርበው አዩ። ከዚያ ሄደው ከቦርሳዋ ቀለሙንና ብሩሹን አምጥተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ መልሺው» አሏት።

«ምኑን?»

«ዝብኢውን። ጥርሱን ደግሞ ተለቅ አድርጊው።»