በአንድ እጅ የተጻፈ ግምገማ

ዘንድሮ ተማሪዎቼ የገመገሙኝ በስልካቸው ነው። አዎ፣ እኔም መምህር ሆኛለሁ፤ ያኔ የሚያውቁኝ ቢሰሙ አያምኑም። ሲስተሙ መጀመሪያ የተማሪውን መታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃል፣ ከዚያ በኋላ «ማንነትዎ በሚስጥር ይጠበቃል» ይላል። ግምገማውን ያልሞላ ውጤቱን ማየት አይችልም። ታዲያ ማን እንደሞላና ማን እንዳልሞላ ካወቃችሁ ምኑ ነው ሚስጥሩ ብዬ ስብሰባ ላይ ብጠይቅ፣ «አንቺ ደግሞ ነገር ታከርሪያለሽ» ተባልኩ። ማክረሩስ ልማዴ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የማልረሳው አንድ ልጅ አለ።

በእኛ ጊዜ ግምገማ በወረቀት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ስም ይቆየን፤ ደብረ ታቦር ላይ ግቢ ተከራይቶ የከፈተው ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። የመማሪያ ክፍላችን የተሰበረ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከጉና የሚወርደው ጉም በዚያ በኩል ገብቶ አብሮን ይማራል። እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ፣ ሙቀት ነው ያሳደገኝ። በሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ እንኳ ጣቶቼ እስክሪብቶ አይዙልኝም ነበር። በእረፍት ሰዓት ግቢው በር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ድንቹን ከመብላታችን በፊት እጃችንን እናሞቅበታለን። ያን ብርድ አራት ዓመት ሙሉ ስረግመው ኖሬ፣ አሁን ሲናፍቀኝ በራሴ እስቃለሁ።

ልጁን «መሪጌታ» እንለው ነበር። መሪጌታ አልነበረም፤ ከገሳይ ማዶ ካለ የገጠር ደብር የመጣ፣ ቅኔ ቤት ቆይቶ ዘግይቶ ወደ አስኳላ የገባ ልጅ ነው። ብራና ላይ የሚጻፈውን ቁም ጽሕፈት ስለተማረ፣ የስታቲስቲክስ ደብተሩ እንኳ ሲያዩት ዳዊት ይመስላል። አገሩ ሳለ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ማመልከቻ የሚያስጽፈው እሱን ነበር። የመሬት ክርክር፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ ለወረዳ የሚገባ አቤቱታ፣ ሁሉንም ሰምቶ ይጽፋል። የሰማውን ማውራት እነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። የጻፈውም ነገር ያስጻፊው እንጂ የእሱ አይደለም፤ «ይህ የማን እጅ ነው» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። የስታቲስቲክስ መምህራችን ራሳቸው አርፍደው ይመጡና፣ እሳቸው ከገቡ በኋላ ግን በሩን ዘግተው ማንንም አያስገቡም፤ ተነሥቶ የሚወጣም ከመሪጌታ በቀር አልነበረም፣ እሱን ዝም ይሉታል። የወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ላይ የግምገማው ወረቀት መጣ። መምህሩ ወጡ፤ እኔ የክፍል ተጠሪ ስለነበርኩ አደልኩ። ወረቀቱ ላይ «ስም አይጻፍም» የሚል አለበት፤ ከሥሩ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ባዶ የአስተያየት ቦታ። አንዱ ተነሣና «መሪጌታ፣ እኔ ብጽፈው ስድብ ነው የሚሆንብኝ፣ አንተ በወጉ አድርገህ ጻፍልኝ» አለው። ሌላዋም አስከተለች። ወዲያው ሰልፍ ሆነ። እያንዳንዱ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ የሆዱን ይነግረዋል፤ እሱ በአንቱታ አስተካክሎ፣ ቅሬታውን ሳያለዝብ ክብሩንም ሳይነካ፣ በዚያ ባማረ እጁ ያሰፍረዋል። እኔም አስጽፌያለሁ። አገር ቤት ወንበር አውጥተው ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሰዎች መስለን ነበር፤ ያን ቀን እንደሳቅን ሌላ ቀን መሳቃችንን አላስታውስም።

ሁሉም ሲያልቅ የራሱን ወረቀት ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«ተጠሪ፣ የኔን አንቺ ጻፊልኝ።»

«ለምን፣ ደከመህ?»

«የኔ ነገር በኔ እጅ እንዲሆን አልፈልግም።»

የኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ቢሆንም ተቀበልኩት፤ ቀስ ብሎ ያስጽፈኝ ጀመር። «መምህር፣ በትምህርት መካከል ተነሥቼ ስወጣ ወዴት ነው ብለው ስላልጠየቁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ሊመጣብኝ ሲል ይታወቀኛል፤ የምወጣውም ሰው ፊት እንዳልወድቅ ነው።»

እጄ ቆመ። እኛኮ ብድግ ብሎ ሲወጣ «ጸሎት ሊያደርስ ነው» እያልን እንቀልድበት ነበር።

«ጻፊ እንጂ» አለኝ፤ «ስም የለውም አይደል?»

ቅኔ ቤት ሳለ አንድ ቀን ሰው ፊት ወድቆ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ መመገቢያ ሳህኑን ለይተውበታል፤ መኝታውንም ወደ ጥግ ገፍተውታል። ከአገሩ የወጣው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ያን ዕለት ነገረኝ። እዚህ ስድስት ሆነው ነው አንድ ክፍል የሚያድሩት፤ ማንም አያውቅም። እንዳያውቁበት ደግሞ ነፍሱን ይሰጣል።

ወረቀቱን ሰብስቤ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፣ በሙጫ አሸግኩ፣ በመገጣጠሚያው ላይ ፈርሜ ለጽሕፈት ቤቱ አስረከብኩ። የተነገረን ቢሮው ደምሮ፣ ውጤት ከገባ በኋላ ለመምህሩ ድምሩን ብቻ ይሰጣል የሚል ነው። ሳምንት ሳይሞላ መምህሩ ጠሩኝ፤ ብገባ ፖስታው ከነፊርማዬ ለሁለት ተቀዶ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል፤ ወረቀቶቹም አንድ ሳይቀር ተዘርግተዋል። በምን መንገድ እንደደረሳቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

«አንድ ልጅ የክፍሉን ሁሉ ወረቀት ለብቻው ሞልቶ ስሜን አጥፍቷል» አሉ። እውነትም ያን ሁሉ ወረቀት አንድ ላይ ሲያዩት ሌላ ምን ይባላል? የዚያን እጅ ባለቤት ለማወቅ ደግሞ አንድ የፈተና ወረቀት ማየት በቂ ነው። ክስ ጽፈው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቀረቡ።

ኃላፊው ልጁን አስጠርተው «የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉት። «አዎን፣ ለሰው ነው የጻፍኩት» አለ። «ለማን ለማን?» «እሱን አልናገርም።» እስከ ዓርብ እያንዳንዱ የማን እንደሆነ ካልተናገረ አንድ ዓመት ከትምህርት እንደሚታገድ ነገሩት። ዓመት ታግዶ የሚመለስ የድሃ ልጅ ስንት ነው?

እኔ ጨስኩ። «ስማ፣ አንዱ ወረቀት ብቻ በሌላ እጅ ነው የተጻፈው፤ ያ ያንተ መሆኑን ልንገራቸው። ያመሰገንካቸውን ሰው ስም ታጠፋለህ ብሎ ማን ያምናል?» አልኩት።

«መታገድ ይሻለኛል» አለ። «በሞቴ፣ እንዳትናገሪ።»

በሞቴ ካለኝ በኋላ ምን ላድርግ። ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና «ያስጻፋችሁ ሁሉ ተነሡ፣ እንሄዳለን» አልኩ። አንገቱን ደፍቶ የቀረም አለ፤ አሁን አልፈርድበትም፣ ያን ቀን ግን አፌ የመጣልኝን ተናግሬዋለሁ። ከግማሽ የሚበልጠው ግን ተከተለኝ። ኃላፊው ቢሮ፣ መምህሩ በተቀመጡበት፣ በየተራ እየገባን «ይሄኛው የኔ ነው» አልን። ስም አይጻፍም በተባለበት ወረቀት ላይ ፊታችንን ይዘን ቀረብን ማለት ነው። የኔ «አርፍደው ይመጡና በር ይዘጋሉ» የሚለው ነበር፤ እሳቸው እያዩኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ኃላፊው «በቃ፣ ነገሩ ገብቶኛል» አሉ። መምህሩ ግን የቀሩትን ወረቀቶች ማገላበጣቸውን አልተዉም። በመጨረሻ እስከዚያ ልብ ያላሉት የኔ የዶሮ ጭረት ላይ ደረሱ። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት።

«ይሄ ያንቺ ጽሕፈት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ነገሩስ ያንቺ ነው?»

«አይደለም።»

«የማን ነው?»

«አልናገርም፣ መምህር።»

አልደገሙልኝም፤ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለገም። እሳቸው እያስተማሩ ብድግ ብሎ የሚወጣው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ለኃላፊው «ክሱን ትቻለሁ» አሏቸው።

ያን ቀን የነበረን ደስታ! ሮጠን ወጥተን ድንች ገዛን፤ መሪጌታን መሐል አስገብተን እያጎረስን አላስተነፍስ አልነው። ሌሎቹ ጥቂት ፈንጠር ሲሉ ጠጋ ብሎ «ነገርሻቸው?» አለኝ። «አልነገርኩም» አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝና «አምንሻለሁ» አለ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሩ በሰዓታቸው መጡ። በሩንም ክፍት ተዉት። ተገሠጹ፣ ተመለሱ ብዬ በልቤ መረቅኳቸው። ትምህርቱ ተጋምሶ ሳለ እሱ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፋቸው ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «አይዞህ ልጄ» አሉት። «ሕመሙ ሊመጣ ሲል ብቻህን አትውጣ። ሁለት ጎበዝ ይደግፍህ፤ መድኃኒትህንም እንዳታቋርጥ።»

ክፉ አስበው አልነበረም፤ ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ልጠላቸው ያልቻልኩት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ የቅኔ ቤት ልጅ ለመምህሩ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «እሺ፣ መምህር» አለና ወጣ።

ሲመለስ አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄዷል። ተነሥቼ እዚያ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ እንዳልነገርኩ ያውቃል። ያም ሆኖ፣ ሚስጥሩ በኔ ጽሕፈት ስለወጣ ይሁን ስላፈረ፣ እስክንመረቅ ድረስ ዞሮ አላየኝም።