የጓድ አድማሱ ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ያመጣችውን ጨርቅ ስዘረጋ የልብስ ሳሙናና የቆየ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጨርቁ ሳጥን ውስጥ ከድሮ ደብተሮች ጋር የኖረ ነው። ሴትየዋ ስለ ቀሚሷ ርዝመት ታስረዳኛለች፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ነቀምቴ ነበርኩ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ። ከበሩ አጠገብ ባለሦስት እግር የብረት መቆሚያ፣ መቆሚያው ላይ ጠርዙ የተላጠ የመታጠቢያ ሳህን፣ ከሳህኑ ኋላ ደግሞ ጓድ አድማሱ፣ ከነቁመናው። ሰው የልጅነቱን ዘመን ሰዎች ሲያስታውስ ሆዱ ይባባል ይላሉ። የእኔ አይባባም። ያንን ሰውዬ ያኔም አልወደድኩት፣ ዛሬም አልወደውም።

ጓድ አድማሱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበር። ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነው። ካኪ ኮትና ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ከደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ። ሰማያዊው ለመመዝገብ፣ ጥቁሩ ለመፈረም፣ ቀዩ ሰው ለመቅጣት። አባቱ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የከተሙ ናቸው፤ እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው አቀላጥፎ ይናገራል። ገበያ ሲወጣ የቅቤ ዋጋ የሚከራከረው በኦሮምኛ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሲቆም ግን ኦሮምኛው ይጠፋበታል። አንዱ ቆቡን አውልቆ "አካም ኦልተን፣ ኦቦ አድማሱ" ብሎ እንዴት እንደዋለ ቢጠይቀው፣ መልሱ አንድ ነው።

"እዚህ ጓድ ነው የምባለው። እጅህን አሳይ።"

እጅ ማሳየት የሱ ሕግ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ "የጎልማሶች ሰዓት" ይባላል። መሠረተ ትምህርት ተምረው ፊደል የቆጠሩ አናጢዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና የጉሊት ነጋዴዎች መጥተው ሙያቸውን የሚመለከት መጽሐፍ እንዲያነቡ የተመደበ ጊዜ ነው። ስለ ንብ ቀፎ፣ ስለ በርና መስኮት ሥራ፣ ስለ ምድጃ አሠራር የሚያስረዱ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ሞልተው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ያሰበውን ይባርከው። ያ ሁሉ ግን በጓድ አድማሱ ሳህን በኩል ማለፍ ነበረበት። ሳሙና ያን ጊዜ በቀበሌ ሱቅ በተራ የሚገኝ ነገር ስለነበር ቁራጩን በሲባጎ ከመቆሚያው ጋር አስሮታል። የልጆች አባት የሆነው ሁሉ ተሰልፎ ይታጠብና እንደ ተማሪ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉን፣ ጀርባውን፣ ጥፍሩን ያሳያል።

አባቴ ሽኩር ልብስ ሰፊ ነበር። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ወጥቶ ነቀምቴ ገብቶ፣ የሰው በረንዳ ላይ በአንድ መኪና ሸሚዝና ሱሪ እየሰፋ ያሳደገን ሰው ነው። የዚያን ዘመን ካኪና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ቀለሙን ስለሚለቅ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። ሳሙና አያስለቅቀውም። ጓድ አድማሱ ይህንን ያውቃል፤ እያወቀ ሁለቴ ሦስቴ ይመልሰዋል። "ድጋሚ" ይላል፣ ፊቱን ሳያይ። አባቴ ተመልሶ ይታጠባል። እኔ ከኋላው ቆሜ በንዴት እጨሳለሁ።

መጽሐፍ ተውሶ ቤት መውሰድ የሚፈልግ ሰው፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ ዋስ ይጥራ ይባል ነበር። ለበረንዳ ልብስ ሰፊ ማን ደመወዝተኛ ዋስ ይሆናል? ስለዚህ አባቴ የሚፈልገውን እዚያው ተቀምጦ መልቀም ነበረበት። የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ የኮት ቅድ፣ ጨርቁ የሚቆረጥበት ንድፍ። የከተማው ልብስ ሰፊዎች በማኅበር እየተደራጁ ነበር። ክርም ጨርቅም የሚመጣው በማኅበሩ በኩል ብቻ ሊሆን ነው፤ ማኅበሩ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ኮሚቴ ፊት ኮት ቆርጦ የሰፋ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ኮት ቆርጦ አያውቅም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ የልብስ ቅድ መጽሐፍ አለ፤ ከመጨረሻው ገጽ ጋር ታጥፎ የተሰፋ ሰፊ ወረቀት አለው፤ ሲዘረጋ ኮቱ በሙሉ ልኩ ተስሏል። ጀርባ፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ኮሌታ።

አባቴ ፊደል ቢቆጥርም ንባቡ ዳገት ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ጽሑፉን እያነበብኩ አስረዳዋለሁ፣ እሱ በሜትሩ ይለካል፣ በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይገለብጣል። በር ላይ "በጎልማሶች ሰዓት ልጅ መግባት ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል፤ እኔን ግን ጓድ አድማሱ ራሱ ያስገባኛል። ለምን መሰላችሁ? የአንባቢ ቁጥር ለበላይ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ቁጥሩ ደግሞ አልሞላም። "ፈርሚ" ብሎ መዝገቡን ያዞርልኛል። ዘይነባ ሽኩር ብዬ እጽፋለሁ። ከአናጢው ከኦቦ ገመቹ ስም ሥር፣ እኔም እንደ ጎልማሳ። ኩራቴን ባያችሁ።

ፈተናው ሰኞ ሊሆን፣ የመጨረሻው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ቤቱ ጨልሟል። ያለፉት ቅዳሜዎች ጀርባውንና ደረቱን ብቻ ነው ያስገለበጡን፤ እጅጌውና ኮሌታው ቀርተዋል፣ ሊዘጋ የቀረው አንድ ሰዓት አይሞላም። ጓድ አድማሱ በጠረጴዛዎቹ መሀል ሲያልፍ የአባቴን ጣቶች አየና "ወረቀቱን ልታቀልመው ነው? ታጥበህ ና" አለው። አባቴ ተነሣ፤ ኮቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ከኮቱ ኪስ ውስጥ ጥርስ ያላት ትንሽ መንኮራኩር አለች፤ ልብስ ሰፊ ሁሉ አለችው። ቅዱን ከላይ፣ ሌላ ወረቀት ከታች አድርገህ መስመሩን ተከትለህ ስትነዳት ጥርሷ ወረቀቱን እየወጋ ነጠብጣቧ ወደ ታች ያልፋል። ቤት ውስጥ የሷ ሥራ የእኔ ነበር፤ አባቴ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ይለኛል። የመጽሐፉን ወረቀት ዘረጋሁ፣ ከሥሩ ስሱን ወረቀት አስገባሁ፣ ነዳሁ። የእጅጌውን ዙር፣ ክርኑን፣ ኮሌታውን፤ ባለፈው የተገለበጠውንም ጀርባና ደረት አልተውኩ። መጽሐፍ መሆኑን ረሳሁት። አባቴ ሲመለስ ሁሉንም ጨርሼ ላስደንቀው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ነገር ጥቂት ነው።

ጓድ አድማሱ ከላዬ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው፤ በቀዳዳዎቹ ሁሉ ብርሃን ገባ።

"ሽኩር!" አለ። አባቴ ከነርጥብ እጁ መጣ። "የሕዝብ ንብረት ወግተሃል።"

"እኔ ነኝ!" አልኩ። "እሱ አልነበረም፣ ሲታጠብ ነበር! እርስዎ ራስዎ ነዎት የላኩት!"

ወደ እኔ ዞረ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "በጎልማሶች ሰዓት ልጅ እዚህ አይገባም" አለ። "ስለዚህ አንቺ እዚህ አልነበርሽም።"

"ስሜ መዝገቡ ላይ አለ!"

ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ መዝገቡን ከደነ፣ ክርኑን አሳረፈበት። ኦቦ ገመቹ ከአናጢዎቹ ወንበር ተነሥቶ "ዲሲ፣ ኦቦ አድማሱ፣ ተወው እንጂ" አለ። "የመርፌ ቀዳዳ ነው፣ ሥዕሉ እንዳለ ነው። ልጅቷንም በየቅዳሜው ሁላችን እናያታለን።"

"ምስክር መሆን ትፈልጋለህ? ስምህን ከጎኑ ልጻፈው?"

ኦቦ ገመቹ ተቀመጠ። አልፈርድበትም፤ በዚያ ዘመን ስም መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ማን ያጣዋል። አባቴ ርጥብ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "ልጄ አልነበረችም" አለ። "የወጋሁት እኔ ነኝ።"

ጓድ አድማሱ ነጠብጣብ ያረፈበትን ስስ ወረቀትም ማስረጃ ነው ብሎ ወሰደው። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "የሕዝብ ንብረት ያበላሸ" ይላል፤ ከሥሩ የአባቴ ሙሉ ስም፣ ከስሙ ላይ ማኅተም። የማኅበሩ ኮሚቴ የተሰበሰበው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ ጨርቁን አጥፎ ሲገባ ሊቀ መንበሩ እንዲቀመጥም አልጠየቀው። "ስምህ በር ላይ እያለ እንዴት አድርገን እንቀበልሃለን?" አለው። መቀሱን ሳያነሣ ተመለሰ።

ነቀምቴ ውስጥ ክር አጣ። የስፌት መኪናውን በጭነት መኪና ጭኖ ኡኬ ወደምትባል የቆላ ከተማ ወረደና መንገድ ዳር፣ የሰው ጣሪያ ጥግ፣ የገበሬ ሱሪ መጣፍ ጀመረ። ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር። አንድ ቀን "አንቺ ነሽ" አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ዓመት አለቀስኩ። ንዴቴን ሁሉ የማፈሰው ጓድ አድማሱ ላይ ነበር፤ ግማሹ የራሴ ድርሻ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ።

መንግሥት ተለወጠ። ጓድ አድማሱ ጡረታ ወጥቶ ከተማውን ለቀቀ አሉ፤ የት እንደገባ አልጠየቅሁም። እኔ ያን ጊዜ ልብስ ሰፊ ሆኜ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ሱቅ ከፍቻለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጻሕፍቱን አውጥቶ በረንዳ ላይ ሲከምር ሰምቼ ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ክምሩን ስበረብር ዋልኩ፤ ያንን የልብስ ቅድ መጽሐፍ አገኘሁት። በተዋሽ ካርዱ ላይ አንድም ስም የለም። ያ ሁሉ ሳሙና፣ ያ ሁሉ ዋስ፣ ያ ሁሉ ጥበቃ፣ ማንም ላልተዋሰው መጽሐፍ! ሰፊው ወረቀት አንድ ጥግ እንኳ ሳይጨማደድ በሥርዓት ታጥፏል። ጥንቃቄውን አልክድበትም። ከዳር በቀይ እስክሪብቶ "ተበላሽቷል" ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል።

ወረቀቱን ይዤ ኡኬ ወረድኩ። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ክር በመርፌ የሚያስገባለት የሰፈር ሰው ነው። ጭኑ ላይ ዘረጋሁለት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ሰማያዊ ጣቱን ቀዳዳዎቹ ላይ እየነዳ ትከሻውን ዞረ፣ ወደ እጅጌው ወረደ፣ ኮሌታው ላይ ደርሶ ቆመ።

"እጅሽ ያኔም አይንቀጠቀጥም ነበር" አለኝ።

ጠመኔ ፈጭቼ በጨርቅ ቋጠርኩና በቀዳዳዎቹ ላይ መታ መታ አደረግኩ፤ ነጠብጣቡ ከሥር ጨርቁ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በዚያ የቆረጥኩትን ኮት አባቴ እስኪሞት ለበሰው። ወረቀቱ አሁን ከመኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቀዩ "ተበላሽቷል" አልደበዘዘም። እኔም ኮት የምቆርጠው እስከ ዛሬ በሱ ነው።