ጋሽ ጠብታና ኮርኒሱ ላይ የነበረው ፈረስ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ጠብታ» እያለ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ስለኖረ ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም። ሥዕል የጀመረው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያውም ከመሰላል ወድቆ እግሩ በመሰበሩ። ሁለት ወር በጀሶ ታስሮ ቤት ዋለ። ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው ነበርና በሦስተኛው ቀን ባለቤቱን መድረሻ አሳጣት። እሷም ልጃቸው ተማሪ ሳለች ትጠቀምበት የነበረውን የውሃ ቀለም ከቁም ሳጥን አውጥታ ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት።

«እንካ፣ በዚህ ተጫወት። እኔ ሄጄ ፀጉር ቤቴን ልክፈት።»

መጀመሪያ የሠራው ሁሉ ጭቃ ሆነ። ቀለሙን ደራርቦ ያሸው ነበር። በኋላ የገዛ ሙያው ደረሰለት፤ ውሃ ሲገፉት እልኸኛ ነው፣ መውረጃ ሲያበጁለት ግን ይታዘዛል። ወረቀቱን ሳንቃ ላይ በፕላስተር ለጥፎ፣ በስፖንጅ አርሶ፣ ሳንቃውን ወዲያና ወዲህ ያዘነብለው ጀመር። ቀለሙ ተንሸራቶ ሰማይ ሆነለት። ነጩ ራሱ ወረቀቱ እንደሆነ ያስተማረው የለም፤ እሽግ ሙሉ ወረቀት አበላሽቶ ደረሰበት። ትዕግሥቱ ሲያልቅ የባለቤቱን ፀጉር ማድረቂያ እየሰረቀ ሥዕሉን ያደርቅበታል።

እግሩ ድኖ ሥራ ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ሆኖ ነበር። የቤት ባለቤቶች እርጥበት የሚሉት የግድግዳና የኮርኒስ እድፍ ለእሱ ተራራ ነው፤ ደመና ነው፤ ጺማም ሽማግሌ ነው።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ተጠራ። የሚያፈሰውን ቧንቧ በአንድ ሰዓት ጠግኖ ሲያበቃ መሰላሉ ላይ ቀረ።

«ምን ሆንክ? ዞረብህ እንዴ?» አሉ መምህርቷ ከታች።

«እትዬ፣ እዚህ ፈረስ አለ።»

«የት?»

«ኮርኒስዎ ላይ። እየሮጠ ነው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። «የኋላ እግሩ አንድ ብቻ ነው» አሉ።

ጋሽ ጠብታ በደስታ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እስኪሥለው ድረስ ኮርኒሱን ቀለም እንዳያስቀቡት ለመናቸው። እሳቸውም ጫማውን በር ላይ ከጠረገ እሁድ እሁድ እንዲመጣ ፈቀዱለት።

አምስት እሁድ መጣ። እያንጋጠጠ ይገለብጣል፣ እሳቸው እንደ ተማሪ ደብተር ያርሙታል። «ሆዱ አብጧል፤ ምን በልቶ ነው?» ይላሉ። እሱ ወረቀቱን ቀዶ እንደገና ይጀምራል። አንገቱ ከመድረቁ በቀር የተገኘ ነገር አልነበረም።

በስድስተኛው እሁድ መምህርቷ በሩን የከፈቱለት ፊታቸው ተጨማዶ ነው።

«እንዳትቆጣኝ። ልጄ ትናንት መጥቶ እናቴን ደስ ላሰኛት ብሎ...»

ኮርኒሱ እንደ አዲስ ሳህን ነጭ ሆኗል። ጋሽ ጠብታ ሳይሰናበተው የሄደ ዘመድ ቤት የመጣ ያህል ቆመ። ከዚያ ብሩሾቹን መሰብሰብ ጀመረ።

«ቁጭ በል!» አሉት። «አምስት እሁድ ሙሉ ያፈጠጥክበትን ነገር በአንድ ቀን ረሳኸው?»

ፈራ። እያየ እንጂ ከልቡ አውጥቶ ሥሎ አያውቅም። ቢሆንም ወረቀቱን አራሰ፤ ቡናማውን ጠብ አደረገና ሳንቃውን አዘነበለው። ጋማው ካሰበው በላይ ረዘመ፤ ተወው። ከኮቴው ሥር ወረቀቱን ሳይነካ ተወና ነጩ አቧራ ሆነለት። እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ጥቁሩን በቀጭኑ ብሩሽ፣ ዓይኑ ላይ ብቻ፣ አሳረፈ።

መምህርቷ ሥዕሉን አርቀው ያዙት።

«ይሄ ፈረስ እኔ ኮርኒስ ላይ አልነበረም።»

«አዎ፣ አልነበረም» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ጎሽ! ያኛውማ ሰነፍ ነበር።»

ሥዕሉ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቀለ። ማን ሣለው ብሎ ለሚጠይቃቸው እንግዳ ሁሉ «ቧንቧ ሠራተኛዬ ነው» ይላሉ፤ እንግዳው የሚያሾፉ ይመስለዋል።

ፈረሱን በሣለ ማግስት ጋሽ ጠብታ ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ወንዝ ሲያስብ ፌርማታው አለፈው። ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?» አለች ቧንቧዋ ፈንድቶ የምትጠብቀው ደንበኛ። «እየዋኘን ነው እኮ!»