ቋጠሮ ያላቸው ሽቦዎች

ሰፈሩ የሬዲዮና የኪቦርድ ጠጋኙን «ንስሩ» ይለዋል። በጎልማሳነቱ ፀጉር የምታህል የተበጠሰች ሽቦ በሩቁ ይለይ ነበርና ስሙ አላነሰውም፣ አልበዛበትም። አሁን ግን ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀዩና ቡናማው አንድ ሆነውበታል። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለም። በቅርቡ የአንድ ደንበኛ ሬዲዮ ሽቦ አሳስቶ ሲያቃጥል እንኳ ጥፋቱን በኤሌክትሪኩ አላከከ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ብዙም ሳይቆይ እውነተኛዋ አይጥ መጣችበት። ሠርግ ላይ የሚጫወት አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ የሲንተሳይዘር ኪቦርድ ተሸክሞ ገባ፤ አይጥ ሆዱ ውስጥ ገብታ ሽቦውን ቆራርጣዋለች። ንስሩ ክዳኑን ሲከፍት ሽቦው ሁሉ አንድ ቀለም ሆኖ ታየው። እያንዳንዱ ጫፍ ከመሰል ቀለሙ ጋር መገናኘት አለበት። አንዱን ቢያሳስት መለዋወጫ የሌለው ዕቃ ይቃጠላል፤ የእሱም ሙያ አብሮ ያከትማል። ምሳዬን በልቼ እጀምራለሁ ብሎ ወጣ።

ሲመለስ ሽቦዎቹን ዳሰሰ። በየጫፉ ክር ታስሯል፤ አንዱ አንድ ቋጠሮ፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው ሦስት። በወዲያኛው ጫፍም አቻውን ቋጠሮ ጣቱ አገኘው። ቀና ቢል፣ በዚያችው ክፍል ሌላ ጥግ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ሥራዋ ላይ አቀርቅራለች። አንድ እግሩ ጥቁር አንድ እግሩ ቡናማ ካልሲ አድርጎ ከወጣ ቀን ጀምሮ አውቃለች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ነው።

መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ አፈረ። ከዚያ የብየዳውን ስታኞ እያቀለጠ ቋጠሮን ከቋጠሮ አገናኘ።

ተጫዋቹ መጥቶ ቢነካው ኪቦርዱ እንደ ድሮው ዘፈነ። «የንስር ዓይን ማለት ይሄ ነው! ይህን ሁሉ ሽቦ እንዴት ለዩት ጋሼ?»

ሚስቲቱ የስፌት መኪናዋን አጣደፈች፤ ወሬውን በመኪናዋ ድምፅ ልትውጥለት።

«እኔ አይደለሁም» አለ ንስሩ። «እኔ ቀለም መለየት ካቃተኝ ቆየ። የለየችው እሷ ናት።»

መኪናዋ ጸጥ አለች። ተጫዋቹ ሂሳቡን ከፍሎ፣ አመስግኖ ወጣ። ንስሩም ከእንግዲህ ደንበኛ አይመጣልኝም ብሎ ቆረጠ።

ሰኞ ዕለት ግን አንድ ሰው የተበላሸ አምፕሊፋየር ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ንስሩ ዘወር እንኳ ሳይል «ሽቦ የሚለዩት እትዬ አሉ?» ብሎ ጠየቀ።

ንስሩን ትንሽ ቆጨው። ትንሽ ብቻ። ተነሣና ለሚስቱ ወንበር ከአጠገቡ አስጠጋላት።